የሙሽራው ጫማ ሌባ

እናንተዬ፣ የሂንዱ ሰርግ ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ይህ ወሬ ለእናንተ አይደለም፤ ሂዱና ሥራችሁን ሥሩ። ያልተጠራችሁ ግን ቀረብ በሉ። ነገ ማን እንደሚጠራችሁ አይታወቅም። ምን እንደሚለበስ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጮህ ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም። እኔ አንድ የሂንዱ ሰርግ ላይ ተጠርቼ፣ ልብሴ በአደባባይ ተፈትቶብኝ፣ አርግዤ፣ ወልጄ፣ አሸንፌ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ። ያኔ ደግሞ ባል የሚባል ነገር በአጠገቤ አልነበረም።

የባቲ ልጅ ነኝ። ሁለቱ የመኖች አንድ ከሆኑ ትንሽ ቆይቶ ነው ዓደን የገባሁት፤ ሐሳቤ እንደ አገሬ ልጆች ሁሉ ሳዑዲ መሻገር ነበር። መንገዴ ግን ክሬተር ሰፈር ሲደርስ ኻላ ሳርላ ጓዳ ገባና ቀረ። «ኻላ» ማለት አክስት ነው፤ የምንሠራላቸውን እመቤቶች የምንጠራው እንደዚያ ነው። ኻላ ሳርላ ህንድ ናቸው፤ ግን አያታቸው በእንግሊዝ ጊዜ ዓደን የገቡ፣ ዐረብኛቸው ከጎረቤቱ የማይለይ ህንድ ናቸው። ባላቸው ዐም ሃሪ፣ «ዐም» አጎት ማለት ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ዝንብ እሽ የማይሉ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ልጃቸው አንድ ብቻ ናት፣ ጃያ።

ጃያ እኔ ስገባ ገና ደብተር ይዛ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ፀጉሯን ያበጠርኩት እኔ፣ ስታስል ዝንጅብል ያፈላሁላት እኔ ነኝ። እኔ ከእነሱ ህንድኛውን በጓዳ በኩል ስለቅም እሷ ከእኔ አማርኛ ለቀመች። «ወይኔ!» የምትለዋን ከያዘች በኋላ ግን ሌላ ቃል አላስፈለጋትም።

ለዚች ልጅ ከቦምቤ ባል መጣላት። የዓደን ህንዶች አንድ በአንድ እየለቀቁ አልቀው ስለነበር ሙሽራ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው። ልጁ ጥሩ ነው፣ ዓይኑ ይስቃል። አባቱ ግን! ሰውዬው ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚገባው ጢሙ ነው። ስለ ጋብቻው ሊነጋገሩ የመጡ ዕለት ሻይ ያቀረብኩት እኔ ስለሆንኩ አንድም ነገር አላመለጠኝም። ኻላ ሳርላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኔ ዘንድ ትምጣ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ሰውዬው ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀም በኋላ አማሰለ። «ዓደን ሩቅ ነው፤ ቦምቤ ደግሞ ሐኪሙ ሞልቷል» አለ። ከዚያ «እናያለን» ብሎ ጠጣ።

«እናያለን» በየትኛውም ቋንቋ «አይሆንም» ማለት ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ የሴት ወገን ጎንበስ ብሎ ነው የሚድረው፤ አንዴ የጠየቀውን መልሶ ቢጠይቅ ዐይብ ነው፣ ነውር። ኻላ ሳርላ እንግዶቹን ሸኝተው ጓዳ ገቡና ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ፤ ዓይናቸው ያነባል። ወጥ የሚሠራ ሰው ግን አልነበረም። እኔም አብሬያቸው ላጥኩ።

ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ ጃያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እህቴ፣ አንድ ነገር ትሰርቂልኛለሽ?» አለችኝ።

ክው አልኩ። ሰው ቤት ሠርታችሁ ካላወቃችሁ ይህ አይገባችሁም። እኛ የቤት ሠራተኞች ዘንድ ፈተና የሚባል ነገር አለ። እመቤቲቱ ጉትቻዋን ምንጣፍ ስር ጣል ታደርግና በበር ቀዳዳ ታይሻለች። አንስተሽ ከመለስሽ ታማኝ ነሽ፤ ካልመለስሽ ሌባ ነሽ፤ ጭራሽ ካላየሽው ደግሞ ቤቱን በደንብ አልጠረግሽም። ኮርማክሳር ሰፈር የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ መጥረጊያ ባነሳች ቁጥር ወርቅ ከማግኘቷ የተነሳ ቤቱ የወርቅ ማዕድን ላይ የተሠራ መስሏት ነበር። እኔ ኻላ ሳርላ ቤት እስከዚያ ቀን ተፈትኜ አላውቅም። ስለዚህ ፈተናው በስተመጨረሻ መጣ ብዬ፣ ያጠፍኩትን ልብስ በትኜ ወደ ኻላ በረርኩ።

«ወላሂ ኻላ፣ ከዚህ ቤት አንዲት የስኳር ቅንጣት ያለ ፈቃድ አልቀመስኩም! ልጅዎ ስረቂ አለችኝ፤ እኔ እምቢ ብያለሁ፤ ምስክሬ አላህ ነው! ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ይስጡኝና ልሂድ!»

ኻላ ሳርላ መጀመሪያ አፈጠጡብኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ጃያ በሩ ላይ ቆማ «ወይኔ!» ትላለች።

ለካ ልማድ ነው። ሙሽራው ጋብቻው ወደሚፈጸምበት ዳስ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ነው። ያኔ የሙሽራዋ እህቶች ጫማውን ይሰርቁታል፤ የእሱ ወገን ደግሞ ይጠብቃል። ከሰረቁት የፈለጉትን ጠይቀው ሳይሰጣቸው አይመልሱም። ኻላ ይህን ሲነግሩኝ እኔም መሳቅ ጀመርኩ፤ ጃያ ግን አልሳቀችም።

«እህት የለኝም» አለች። «የአክስቶቼም ልጆች ሁሉ ሄደዋል። የሙሽራው ወገኖች ግን አውሮፕላን ሞልተው ነው የሚመጡት። ጫማ የሚሰርቅላት ሰው እንኳ የላትም እያሉኝ ነው የምሄደው።»

አንጀቴን በላችው። «ኻላስ!» አልኳት በዐረብኛ፤ «በቃ፣ ጫማ አይደለም ሱሪውንም እሰርቅልሻለሁ።»

ቀጥሎ የልብስ ጉዳይ መጣ። እንግዲህ የምትጠሩ ሁሉ ጆሯችሁን ስጡኝ። እኔ ሞኟ የክት ልብሴን አወጣሁ፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጥበቡ የሚያምር። ኻላ ሳርላ ሲያዩት ደረታቸውን ያዙ። እነሱ ዘንድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። ነጭ ለብሶ ሰርግ መሄድ ሙሽራውን በቁሙ እንደ መቅበር ነው። እሺ ብዬ ባልቶዬን አመጣሁ፤ የየመን ሴቶች ከላይ የሚደርቡት ጥቁሩ። ጥቁርም ገደ ቢስ ነው ተባልኩ። እንግዲህ ነጭ አይሆን፣ ጥቁር አይሆን፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ያለኝ ልብስ ነጭና ጥቁር ነው። ከጎረቤት ቀይ ተውሼ ብመጣ «ቀይማ የሙሽራዋ ነው!» ብለው መለሱኝ። በመጨረሻ ከዐም ሃሪ ሱቅ አረንጓዴ የሐር ሳሪ መጣልኝ።

ሳሪ ማለት እናንተዬ ያልተሰፋ ልብስ ነው። ማለቂያ የለውም። ባቲ ገበያ ቢወጣ እናትን ከነልጆቿ ያለብሳል። ይጠመጠማል፣ ይታጠፋል፣ ወገብ ላይ ይሸጎጣል፣ የተረፈው ትከሻ ላይ ይወጣል። ሸሚዙ ደግሞ ሆድ ድረስ አይደርስም። እኔ የባቲ እስላም፣ ሆዴን ለቦምቤ ሰው ላሳይ? ከስሩ የራሴን ረጅም ቀሚስ ለበስኩ፣ መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ታጠቅኩ፣ ሻሼን አሰርኩ፤ ሳሪው ከዚያ በላይ ተጠመጠመ። ኻላ በመርፌ ቁልፍ ሊያያይዙልኝ ሲሉ «እንዲህ ያለ ሐርማ አይበሳም!» ብዬ እምቢ አልኩ። እናንተ ግን እምቢ አትበሉ።

ሰርጉ አል-ዐሪሽ ነበር፣ ባሕሩ ዳር፣ በኪራይ ግቢ። መሐሉ ላይ አበባ የተንዠረገገበት ባለ አራት ምሰሶ ዳስ፣ ዳሱ ውስጥ የእሳት መንደጃ አለ። የእነሱ ወገን ግቢውን ሞላው። የእኛ ወገን ኻላ፣ ዐም ሃሪ፣ ጥቂት የገበያ ወዳጆችና እኔ ነን።

ሙሽራው በከበሮ መጣ። ኻላ ሳርላ መብራት የበራበት ሳህን ይዘው በሩ ላይ ተቀበሉት፣ ግንባሩን ቀይ ቀቡት፤ ከዚያ ሳላስበው አፍንጫውን ጨመደዱት! ያ ረቢ! እኔ ያ «እናያለን» እስካሁን ሲብላላባቸው ቆይቶ አሁን የፈነዳ መሰለኝ። «ኻላ፣ ይተዉት፣ ልጁ ምን አደረገ!» ብዬ ወገባቸውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ለካ እሱም ልማድ ነው፤ ልጄን ልትወስድ መጥተሃልና አትኩራ ለማለት አማት አፍንጫ ትይዛለች። ቀድመው ቢነግሩኝ የአባቱን እኔ እይዝላቸው ነበር። ብቻ እናንተ ስትሄዱ እንዳትገላግሉ።

ምግቡን አትጠይቁኝ። ሥጋ የሌለበት ሰርግ አይቼ አላውቅም ነበር። ሽሮ የሚመስል ነገር በዓይነት በዓይነቱ ቀርቧል። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፤ ግን ዓይኔ በጉ ከየት በኩል ይመጣል እያለ በሩን ይጠብቃል።

ወደ ጫማው ልመለስ። ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ የወርቅ ክር የተጠለፈበት ነው። ሙሽራው ዳሱ ስር ሲያወልቀው የሙሽራው እህት ሚና ከመሬት ሳይደርስ ቀለበችው። የሐር ከረጢት ውስጥ ከታ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዳሱ ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ደልደል ያለች፣ ፊቷ ብሩህ፣ ዓይኗ ግን እንደ ኬላ ወታደር ነው። ሸርበት የሚሉትን ጣፋጭ መጠጥ ይዤ ሄድኩ፤ በአንድ እጇ ተቀበለችኝ፣ ሌላው ከረጢቱ ላይ ነው። «ሰው ይፈልግሻል» አልኳት። «ይምጣና ያግኘኝ» አለችኝ። ጃያ ከዳሱ ውስጥ በዓይነ ርግቧ ስር አየችኝ። ያቺ አስተያየት የጉሮሮ አጥንት ሆነችብኝ።

እንደገና ሸርበት ይዤ ተነሳሁ። ምን አስቤ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አላሰብኩም። ሚና ፊት ስደርስ ድንገት ነፋስ መጣ፣ የሳሪው ጫፍ እግሬ ስር ገባ፣ እኔ እሱን ረገጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል። ወገቤ ላይ የተሸጎጠው ሁሉ ተመዞ ወጣ፤ ሳሪው ወደ ባሕር፣ ሸርበቱ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ ሚና። ሴትዮዋን ከነወንበሯ ገለበጥኳት።

ቀሚሴ ከስር ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን የማወራችሁ ሰው አትኖርም ነበር። ቢሆንም በሰው መሐል የተገፈፍኩ መሰለኝና በእፍረት ሆዴን እቅፍ አድርጌ ተነሳሁ። ሚና ከወደቀችበት ብድግ ብላ፣ የራሷን ትታ «አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ!» እያለች ሳሪውን ሰብስባ፣ እኔን አቅፋ፣ ሴቶች ወደሚለብሱበት ክፍል ወሰደችኝ። እዚያ ስደርስ ነው ያቀፍኩት ሆዴን ብቻ እንዳልሆነ ያወቅኩት። ከረጢቱ እጄ ላይ ነው! ወላሂ አልሰረቅኩም፤ ስነሳ አብሮኝ ነው የተነሳው።

ሚና የሳሪውን ጫፍ ልትፈልግ ዞር ስትል ከረጢቱን በቀሚሴ አንገት ከተትኩት። ተንሸራቶ ወርዶ መቀነቴ ላይ ቆመ። ከዚያ ያቺ የጫማ ጠባቂ፣ በሠለጠነ እጇ፣ ሳሪውን ከነጫማው ዙሪያዬን ጠመጠመችው። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇ ሆዴን ነካና ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርጉዝ ነኝ» አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የተናገረው።

ሚና አፏን ያዘች። «በዚህ ሁኔታሽ ነው እንዴ ሸርበት የምታዞሪው?» ብላ ወንበር አመጣች፣ ጣፋጭ አመጣች፣ እግሬን አንስታ በርጩማ ላይ አስቀመጠች። እኔ ሰው ቤት ከገባሁ ጀምሮ እግሬን ሰው አንስቶልኝ አያውቅም። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም።

«የመጀመሪያሽ ነው?» አለች።

«የመጀመሪያዬ ነው።» ይህቺ እንኳ እውነት ናት፤ ከዚያ በፊት ጫማ አርግዤ አላውቅም።

«የት ነው የምትወልጂው?»

«የት እወልዳለሁ? እናቴ ቤት ነዋ! የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት አይደል የሚወለደው?»

«እኛም አገር እኮ እንደዚያው ነው!» አለች ሚና፣ ጉልበቴን መታ እያደረገች። «እኔ የመጀመሪያዬን እናቴ ቤት ነው የወለድኩት። አባቴ ራሱ ከባሌ አገር ድረስ በባቡር መጥቶ ነው የወሰደኝ። አማቴ አይሆንም ቢለው ልጄን ሳልይዝ አልሄድም ብሎ ደጁ ላይ ተቀመጠ።»

«አባትሽ? ያ... ባለ ጢሙ?»

«አዎ፣ አባቴ» አለች በኩራት።

አሃ! የእኔ ጭንቅላት ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ግን ገባው። ኻላ ሳርላ መልሰው መጠየቅ አይችሉም። ዐም ሃሪ አይችሉም፣ ጃያ አትችልም። በዚያ ግቢ ውስጥ የፈለገችውን ብትጠይቅ ማንም ነውር የማይላት አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ እሷም ጫማ አርግዛ ጣፋጭ እየበላች ነው።

ሚና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጩኸቷን የሰማሁት ወዲያው ነው። ወንበር ተገለበጠ፣ ምንጣፍ ተነሳ፣ ድስት ተከፈተ። የቦምቤ ወገን በሙሉ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፤ እኔ ሆዴን ይዤ በመሐላቸው ቀስ እያልኩ አልፋለሁ፤ «መንገድ ልቀቁላት፣ እርጉዝ ናት» ይላሉ። በዚህ መሐል ሙሽሮቹ እሳቱን ዞረው ጨረሱ። እነሱ ዘንድ ዞሮ ሲያበቃ ቀድሞ የተቀመጠ ቤቱን ይገዛል ይባላል። እኔ ይህን ጃያ ነግራኝ ነበርና «ተቀመጪ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ጃያ ዱብ አለች። አንድ አሸነፍን።

ሙሽራው ከዳሱ ወረደ፣ በባዶ እግሩ። የዓደን ሲሚንቶ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልጁ እግሩን እያፈራረቀ ያነሳል።

«ማን ነው የወሰደው?» አለ አባትየው ቦርሳውን እያወጣ። «ይምጣና ዋጋውን ይናገር!»

እኔ ሆዬ መሐል ግቢ ገብቼ ሆዴን ይዤ ጎበጥኩ። «ውይ! ምጥ መጣብኝ!»

«ገና ነሽ እኮ!» ብላ ሚና ውሃ ይዛ በረረች። እኔ የሳሪውን ጫፍ መዘዝኩ። ሁለተኛ ጊዜ ተፈታ፤ አሁንስ በፈቃዴ ነው። መቀነቴን ላላ አደረግኩ፣ ከቀሚሴ ስር አንዱን ጫማ ጎትቼ አወጣሁ። ቀጥዬ ሌላውን።

«መንታ ናቸው!» አልኩ።

ከዚያ ከበሮ መቺው ሳያስበው አንዴ መታ፤ ሳቁ ፈነዳ። ሚና ውሃውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ የጠመጠምኩላት! በገዛ እጄ!» እያለች ፊቷን ትመታለች፤ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ጃያ ከዳሱ ሆና «ወይኔ! ወይኔ!»

አባትየው ግን አልሳቀም። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጫማ የሚሰርቀው የሙሽራዋ እህት ነው» አለ። «አንቺ የቤቱ ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ? ሻይ ያቀረብሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

ሳቁ ቆመ። ምን ልበል? ሻይ ያቀረብኩትስ እኔ ነኝ። ጫማዎቹ እጄ ላይ ከበዱኝ፤ አስቀምጬ ልሄድ ጎንበስ ማለት ጀምሬ ነበር።

«ልጄ ናት!»

ዞር ብዬ ማን እንደተናገረ ፈለግኩ፤ ድምፁን አላወቅኩትማ። ዐም ሃሪ ናቸው። ዝንብ እሽ የማይሉት ዐም ሃሪ፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ጣታቸውን ቀስረው ቆመዋል። «ትልቋ ልጄ ናት! የጃያ እህት ናት! እሷ የጠየቀችው እኔ የጠየቅኩት ነው!»

እናንተዬ፣ እኔ ከአገሬ ስወጣ አላለቀስኩም። ባሕሩን ስሻገር አላለቀስኩም። እዚያ ግን ሁለት የወንድ ጫማ ታቅፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በሻሼ ጫፍ ፊቴን ጠረግኩና ቀና አልኩ።

«ቦርሳዎን ይመልሱት» አልኩት። «እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ቤት ትምጣ። እርስዎ ለሚና በባቡር ሄደው እንዳደረጉላት። የእርስዎ ልጅ ልጅ ናት፣ የኻላ ሳርላስ?»

ሰውዬው ወደ ሚና አየ። ሚና ከመሬት ተነሳች። «አባባ፣ ደጃቸው ላይ መቀመጥህን እኔው ነኝ የነገርኳት» አለችው።

ጢሙን ጎተተ። ባሕሩን አየ። «እንግዲህ... እናያለን» አለ።

«መልካም!» ብዬ ጫማዎቹን መልሼ በቀሚሴ አንገት ከተትኳቸው። «እኔም እናያለን!»

«አባባ!» አለ ሙሽራው በአንድ እግሩ እየዘለለ። «እግሬ ተቃጠለ! እሺ በላት!» የቦምቤ ወገን ራሱ «እሺ በላት! እሺ በላት!» ማለት ጀመረ። ኻላ ሳርላ ሳሪያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ።

ሰውዬው እሳቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ። እጁን ዘርግቶ «በዚህ እሳት ፊት ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። «ትመጣለች። ራሴ አመጣታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጢሙ ስር የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሳቅ ነበር። ጫማዎቹን ለሙሽራው በሁለት እጄ ሰጠሁት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እግሬን ነካ። እነሱ ዘንድ ታላቅ እህት የምትከበረው እንደዚያ ነው።

ሰውዬው ቃሉን በላ እንዳትሉ፤ አልበላም። ዓመት ሳይሞላ ጃያን ከነሆዷ ይዞ ኮርማክሳር አውሮፕላን ማረፊያ ወረደ። ምጧ የመጣ ቀን ኻላ ሳርላ ከአዋላጇ ጋር ውስጥ ናቸው፤ እኔ እገባለሁ እወጣለሁ፤ እሱ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዲረጋጋ ብዬ የአገሬን ወግ አወራሁለት፤ እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ሴቶች እልል እንደሚሉ፣ ለወንድ ልጅ እልልታው እንደሚበዛ፣ ለሴት ግን እንደሚያንስ።

ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ገባሁ፣ አየሁ፣ አቀፍኩ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ኻላ ሳርላ የልጃቸውን ፀጉር እየዳበሱ ይስቃሉ፤ ሽንኩርት የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። በረንዳው ላይ ወጥቼ እልልታውን ለቀቅኩት። ክሬተር በሙሉ ሰምቷል ብዬ አስባለሁ። ሰውዬው እጁን አንስቶ ዘለለ።

«ወንድ ነው!»

«ሴት ናት» አልኩት።

ግራ ገባው። «ለሴት ያንሳል አላልሽኝም እንዴ?»

«ገና አልጨረስኩም» አልኩትና ቀጠልኩ።